ቀኑን ከማታው ጭፈራ ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ የኬፕ ብሬተን ምዕራብ ዳርቻ የጉዞ መመሪያ

በካናዳ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ፣ ኬፕ ብሬተን የሚባል ደሴት አለ። ስሙን የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው በካቦት ትሬል ነው፤ 298 ኪሎ ሜትር የሚዞረውን የተራራ መንገድ በሁለት ቀን ነድቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እኛም መጀመሪያ የሄድን ጊዜ እንደዚያው አደረግን። መንገዱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን አገሩን አየን እንጂ ሰዉን ሳናይ ነው የተመለስነው።

በሁለተኛው ጉዞ ነገሩን ገለበጥነው። መጀመሪያ የትኛው ማታ የት የመንደር አዳራሽ ጭፈራ እንዳለ አጣራን፤ ቀኑን ከዚያ በኋላ በባሕሩና በእግር መንገዱ ሞላነው። ይህ መመሪያ የሚሠራው በዚያ ቅደም ተከተል ነው። የምናወራውም ስለ ደሴቲቱ በሙሉ ሳይሆን ስለ ምዕራብ ዳርቻዋ፣ ስለ ኢንቨርነስ ካውንቲ ነው፦ ጁዲክ፣ ፖርት ሁድ፣ ማቡ፣ ኢንቨርነስ፣ ማርጋሪ። እነዚህን ትንንሽ መንደሮች የሚያገናኘው ቁጥር 19 መንገድ 107 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ «የኬሊ መንገድ» ይሉታል። ኬሊ ማለት በጌሊክ፣ ስደተኞች ከስኮትላንድ ይዘውት በመጡት ቋንቋ፣ መጠያየቅ ነው፤ ጎረቤት ቤት ሄዶ ማምሸት፣ ወግ፣ ዘፈን፣ ሻይ። ከቡና ወጋችን የሚለየው ቫዮሊኑ ነው።

1. ጊዜውን ምረጡ

ባሕር ለመዋኘት የምትሄዱ ከሆነ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ያለው ነው። ይህ ዳርቻ ወደ ቅዱስ ሎረንስ ባሕረ ሰላጤ የዞረ ስለሆነ ውሃው ከአትላንቲኩ ወገን በጣም ይሞቃል፤ በኦገስት 20 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ላንጋኖ ለለመደ ሰው 20 ዲግሪም ብርድ ነው፤ ግን አምስት ደቂቃ ከታገሳችሁ ሰውነት ይለምደዋል። በጁን ግን ለፎቶ ካልሆነ አልመክርም።

ጭፈራውም በብዛት የሚኖረው በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። በበረዶው ወራት ከሌሎቹ ይልቅ የሚዘልቀው የምዕራብ ማቡ የቅዳሜ ማታ ጭፈራ ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ኦክቶበር ነው። ቅጠሉ ቀይና ብርቱካን ይሆናል፣ ሴልቲክ ከለርስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ፌስቲቫልም ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ በዚህ ወር ይካሄዳል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በየመንደሩ አዳራሽ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ኮንሰርት አለ። መዋኘት ግን እርሱት።

ለምንጾመው ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ማለትም ባሕሩ በጣም የሚሞቅበት ሁለት ሳምንት ላይ ያርፋል። ጾሙን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ግን የማረፊያ ምርጫችሁን ይለውጠዋል፣ ወደዚያው እመጣለሁ።

2. ወረቀትና መንገድ

ካናዳ ውስጥ ላላችሁ ወረቀት የለም። አሜሪካ ግሪን ካርድ ይዛችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ የካናዳ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትና ግሪን ካርዱ በቂ ነው። የእስራኤልና የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ በኢንተርኔት 7 የካናዳ ዶላር ከፍላችሁ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ታወጣላችሁ። ከኢትዮጵያ ወይም ከገልፍ አገሮች በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትመጡ ግን መደበኛው የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ እሱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጀምሩት።

ከቶሮንቶ ሃሊፋክስ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በመኪና 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ልጆች ይዘን ነዳነው፣ ሁለተኛ አልሞክረውም። ከሃሊፋክስ አየር ማረፊያ መኪና ተከራይታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ ኢንቨርነስ ትደርሳላችሁ። መኪናውን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ በበጋ (በጁላይና በኦገስት) ያልቃል። በዚህ ዳርቻ በሕዝብ አውቶቡስ እዞራለሁ ብላችሁ አታስቡ።

ደሴቱን ከየብስ ያገናኘው የካንሶ ኮዝዌይ ነው፤ በ1955 ተራራ ተፈልጦ በባሕሩ ላይ በድንጋይ ክምር የተሠራ መንገድ። ይህን ተሻግራችሁ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ቁጥር 19ን ያዙ። አብዛኛው መኪና ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ወዲያው ጭር ይላል። ከዚያ በኋላ የመንደር ስም ታፔላ በሁለት ቋንቋ ታያላችሁ፤ ሁለተኛው ጌሊክ ነው።

ስልካችሁን በአዲሱ ሰዓት አስተካክሉት፤ እዚያ ከቶሮንቶ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ካርታውንም ከበይነ መረብ ውጪ እንዲሠራ አውርዱት፤ በኮረብታዎቹ መሀል ኔትወርክ ይጠፋል።

3. አንድ ቦታ እረፉ፣ ኩሽና ያለው

በየማታው ሆቴል አትቀያይሩ። ማቡ ወይም ኢንቨርነስ ላይ አንድ ቤት ለአራት ወይም ለአምስት ሌሊት ያዙ፤ ሁለቱ መንደሮች የሚራራቁት በ20 ደቂቃ ነው። ማቡ ለጭፈራው ይቀርባል፤ ኢንቨርነስ ለባሕሩና ለጎልፉ። ልጆች ካሏችሁ ኢንቨርነስ ይሻላል፣ ከቤት ወጥተው በእግራቸው አሸዋው ላይ ይደርሳሉ። ትልልቅ ሆቴል የለም። ኮቴጅና እንግዳ ማረፊያ ነው ያለው፤ የኦገስቱ በፌብሩዋሪና በማርች ተይዞ ያልቃል።

ኩሽና ያለው ያልኩበት ምክንያት ምግብ ነው። በዚህ አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አትጠብቁ፤ በምግብ ቤቱ የምታገኙት ሎብስተር፣ የዓሣ ጥብስ፣ ድንች፣ የባሕር ምግብ ሾርባ ነው፤ ሾርባው በወተት ነው የሚሠራው። ሎብስተር የማትበሉ ደግሞ አላችሁ፤ ክንፍና ቅርፊት የለውምና ብዙዎቻችን አንነካውም። ስለዚህ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስርና የጀበና ቡና ከቤታችሁ ያዙ። እንጀራ ከሃሊፋክስ ወዲህ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ፤ እኛ 30 እንጀራ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዘን ሄደን ሳምንት አደረሰን። በፍልሰታ ከሄዳችሁ ይህ ዝግጅት ካልተደረገ ቆይታችሁን በሙሉ ድንች ጥብስ ስትበሉ ትከርማላችሁ።

4. ቀኑን በባሕሩ

ሦስት ዳርቻ ይበቃችኋል።

ፖርት ሁድ ለትንንሽ ልጆች ነው። ውሃው ዝቅ ያለ፣ ሞገዱ የለዘበ፣ ከፊት ለፊቱ ደሴት ተጋርዶለታል። የምዕራብ ማቡ ዳርቻ የክፍለ ሀገር ፓርክ ነው፤ ከመኪና ወርዳችሁ በአሸዋ ክምሩ መሀል ትሄዳላችሁ፤ ገበያም መጸዳጃም በብዛት የለም፣ ውሃና ጥላ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ አሸዋው ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ናትና በገመድ የታጠረ ቦታ ካያችሁ ልጆቹን መልሱ።

ኢንቨርነስ ከሦስቱም ሰፊው ነው። በአሸዋው ጫፍ ረጅም የእንጨት መራመጃ አለ፤ ጋሪ የምትገፉ ወላጆችም ሆናችሁ በዕድሜ የገፉ እናት ይዛችሁ የመጣችሁ በምቾት ትሄዳላችሁ። ጠዋት ጠዋት ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲለቅም ታያላችሁ፤ ባሕሩ ያለሰለሰውን የጠርሙስ ስባሪ ነው። ልጄ አረንጓዴና ነጭ አንድ ኪስ ሙሉ ሰብስባ ነበር፤ ቡኒው ደግሞ ሲደርቅ የሚያደበዝዝ፣ ሲረጥብ እንደ ጠጅ የሚያበራ ነው። ሞገድ ባለበት ቀን ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ ስላለ ሕይወት አዳኝ ጠባቂ በሌለበት ሰዓት ከወገባችሁ በላይ አትግቡ።

ዳርቻው ወደ ምዕራብ ስለዞረ ፀሐይዋ ባሕሩ ውስጥ ነው የምትገባው። በጁላይ መጀመሪያ ይህ የሚሆነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ እራታችሁን በልታችሁ ለመውጣት ይበቃል።

መዋኘት የማይፈልግ ሰው ደግሞ የድሮው የባቡር መስመር አለለት። ሐዲዱ ተነስቶ ከኮዝዌዩ አጠገብ ካለው ፖርት ሄስቲንግስ እስከ ኢንቨርነስ 92 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ጠጠር ነው፣ አቀበት የለውም ማለት ይቻላል። ሣር ውስጥ ከሄዳችሁ ማታ የልጆቹን እግርና ብብት ፈትሹ፤ ኖቫ ስኮሺያ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ያለባት አገር ናት።

5. ጎልፍ፣ ለሚጫወትም ለማይጫወትም

ኢንቨርነስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ነበረች። ማዕድኑ ሲዘጋ ከከተማው እስከ ባሕሩ ያለው መሬት የከሰል ዝቃጭ ተጥሎበት ለረጅም ዓመታት ቆየ። ዛሬ ያ መሬት ካቦት ሊንክስ ነው፤ በ2012 ሙሉ 18 ቀዳዳው ተከፈተ። ሊንክስ የሚባለው በባሕርና በእርሻ መሬት መካከል ባለው አሸዋማ መሬት ላይ የሚሠራ የጎልፍ ሜዳ ዓይነት ነው፤ ዛፍ የለውም፣ ሣሩ አጭርና ደረቅ ነው፣ ዋናው ተጋጣሚ ነፋሱ ነው። በ2016 ደግሞ ከገደሉ ጫፍ ላይ ካቦት ክሊፍስ የሚባለው ተጨመረ፤ ዲዛይኑ የቢል ኩርና የቤን ክሬንሾ ነው። ኳሱን በገደል ላይ አሻግሮ የሚያስመታው 16ኛው ቀዳዳ በጎልፍ መጽሔት ላይ ደጋግሞ የሚወጣው ነው።

የምትጫወቱ ከሆናችሁ፦ ሜዳዎቹ በእግር የሚኬድባቸው እንጂ የኤሌክትሪክ ጋሪ የሚነዳባቸው አይደሉም፤ ጫማችሁን አስቡበት። የአንድ ዙር ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው፣ ቦታውም ከወራት በፊት ይያዛል። ገና የምትለማመዱ ከሆነ ዘ ኔስት የሚባለውን ባለ 10 አጫጭር ቀዳዳ ሜዳ ያዙ፤ ኪሳችሁንም ክብራችሁንም ይጠብቃል። ዝቅ ብላችሁ ምቱ፤ ከፍ ያለ ኳስ ነፋሱ ወደ ባሕሩ ይወስደዋል።

ለዚያ ዋጋ የማትጨክኑ ኢንጎኒሽ ያለው ሃይላንድስ ሊንክስ አለላችሁ። ስታንሊ ቶምፕሰን የሠራው፣ በ1941 የተከፈተ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ በጫካና በወንዝ መሀል የሚሄድ ነው። ከኢንቨርነስ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይርቃል።

የማትጫወቱ ምንም አልቀረባችሁም። የእንጨት መራመጃው በሜዳውና በአሸዋው መካከል ስለሚያልፍ፣ ሌላው ከፍሎ የሚያየውን ባሕር እናንተ በነፃ ታዩታላችሁ።

6. ጌሊክ፦ በሰላምታ ጀምሩ

እዚህ የሰፈሩት ሰዎች አባቶች በ1700ዎቹ መጨረሻና በ1800ዎቹ መጀመሪያ ከስኮትላንድ ተራራማ አገርና ደሴቶች የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ ባላባቶቹ መሬቱን ለበግ ስለፈለጉት የተፈናቀሉ ገበሬዎች ነበሩ። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ የሚክማክ ሕዝብ አገር ነው፣ ዛሬም አሉበት፣ ደሴቱን ኡናማኪ ይሉታል። ስደተኞቹ ቋንቋቸውን ይዘው መጡ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ ጌሊክ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር፤ ወላጆችም ልጆቻቸው እንዳይጎዱ ብለው በቤት መናገር ተዉ። ሁለተኛ ትውልድ ልጅ በውጭ አገር ያሳደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይከብደውም።

አሁን እየመለሱት ነው። በ2021 ማቡ ውስጥ በጌሊክ ብቻ የሚያስተምር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ በአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው ነው።

ሦስት ቃል ይበቃችኋል። «ኪመር አ ሃ ኡ» እንዴት ነህ ወይም እንዴት ነሽ ነው። ለታላቅ ሰው ግን «ኪመር አ ሃ ሺቭ» ይባላል፤ እንደኛው አንተና እርስዎ አላቸው። ስለዚህ ለሽማግሌ «ኡ» ብላችሁ እንዳትገኙ፤ አይቆጧችሁም፣ ግን «ሺቭ» ስትሉ ፊታቸው ይፈታል። አመሰግናለሁ «ታፐ ሊቭ» ነው፣ በአክብሮት።

ከዚያ ሰውየው «አባትህ ማነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አትደንግጡ፤ እዚያ የተለመደ ጥያቄ ነው፣ «የማን ልጅ ነህ?» ማለት ነው። ማክዶናልድና ማክኒል የሚባለው ብዛቱ ስለማያለያይ፣ ሰውን የሚጠሩት በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ አንገስ የጆን የሮሪ እንደማለት። እኔ ማቡ ላይ አንዲት አሮጊት ሲጠይቁኝ ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም ተራ በተራ ነገርኳቸው፤ እኛ ዘንድ ፓስፖርት ላይም እንደዚያ ነው የሚጻፈው አልኳቸው። «ታዲያ አንተ ከኛው ነህ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

ቀን ቀን ለማዳመጥ ጁዲክ ያለው የሴልቲክ ሙዚቃ ማዕከል ይሻላል፤ በበጋ በምሳ ሰዓት ቫዮሊንና ፒያኖ እየሰማችሁ ትበላላችሁ። ቋንቋውንና አኗኗሩን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ደግሞ አዮና ወዳለው የሃይላንድ ቪሌጅ ሙዚየም ይንዳ። እዚያ የሚያሳዩት የጨርቅ መውቃት ሥራ አለ፦ እርጥብ የሱፍ ጨርቅ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው በዜማው ምት እየወቀጡ ያዞሩታል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ደቦ የወጣ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

7. ጭፈራው፣ ደረጃ በደረጃ

በ1971 አንድ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም የኬፕ ብሬተን ቫዮሊን ተጫዋች እየጠፋ ነው ብሎ ተናገረ። ሰዉ ተናደደ። በ1973 ግሌንዴል ላይ ከመቶ በላይ ቫዮሊን ተጫዋቾች አንድ መድረክ ላይ ወጡ። ዛሬ በየሳምንቱ የምታዩት ጭፈራ በዚያ እልህ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን አጣሩ። በልማድ በበጋ ሰኞ ብሩክ ቪሌጅ፣ ሐሙስ ግሌንኮ ሚልስ፣ ቅዳሜ ምዕራብ ማቡ ነው፤ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ እዚያ ስትደርሱ ሱቅ ውስጥ ጠይቁ፤ ሁሉም ያውቃል። የመግቢያው በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ብዙ አይደለም። ጭፈራው የሚሞቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ወዲያ ነው። የጎማ ሶል ያለው ስኒከር አታድርጉ፣ ወለሉ ላይ ይይዛችኋል፤ የቆዳ ሶል ይሻላል።

አዳራሹ ተራ ነው፦ የእንጨት ወለል፣ በግድግዳው ዙሪያ ወንበር፣ ከፊት አንድ ቫዮሊንና አንድ ፒያኖ። ማስተዋወቂያ የለም። ቫዮሊኑ ሲጀምር ጥንድ ጥንድ ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። አንድ ዙር ሦስት ክፍል አለው፤ ሁለቱ በጂግ ምት፣ ሦስተኛው ፈጠን ባለው ሪል ነው። ምን አድርጉ ብሎ የሚጠራ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ተቀምጣችሁ እዩት፣ ሁለተኛው ላይ ግቡ፤ ጥንዳችሁ የሚያውቅ ሰው ይሁን፣ ሁለት ጀማሪ አብሮ አይግባ። ስትሳሳቱ ከጎን ያለው ሰው በትከሻችሁ ይዞ ወደ ቦታችሁ ይመልሳችኋል፣ ሳያቋርጥ።

በዙሮቹ መሀል አንድ ሰው ብቻውን ወለሉ መሀል ይወጣል። ይህን ሳታዩ አትውጡ። ስቴፕ ዳንስ ነው፦ ከወገብ በላይ ያለው አካል ሐውልት ነው፣ እጁ ተንጠልጥሏል፣ ፊቱ የተረጋጋ ነው፤ እግሩ ግን ከመሬት ሳይርቅ እያንዳንዷን የቫዮሊን ኖታ ይመታል። የእስክስታ ግልባጭ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። እኛ እግራችንን ተክለን ትከሻችንን እንለቃለን፤ እነሱ ትከሻቸውን ይዘው እግራቸውን ይለቃሉ። በእረፍቱ አንድ ወጣት ልጅ ከየት እንደመጣን ጠይቆን፣ «የናንተን አሳዩን» አለ። ባለቤቴ ቫዮሊኑ እየተቃኘ ሳለ ሁለት ደቂቃ ትከሻዋን አሳየቻቸው። አዳራሹ ጸጥ ብሎ አይቶ፣ ከዚያ በጩኸት ተናጋ። ያንን ማታ ሻይ አላስከፈሉንም።

ስትመለሱ የሚነዳው ሰው መጠጥ ያልነካ ይሁን። መንገዱ መብራት የለውም፣ አጋዘንና ሙስ ይወጣበታል። ልጆቹ «ሙዝ መንገድ ላይ?» ብለው ስቀው ነበር፤ ሙስ ግን ከፈረስ የሚበልጥ፣ በጨለማ በቀላሉ የማይታይ እንስሳ ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ሆናችሁ ንዱ።

8. አንድ ቀን ለተራራው

ካቦት ትሬልን አንድ ቀን ስጡት፤ ጭፈራ በሌለበት ቀን ይሁን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። ከኢንቨርነስ በሼቲካምፕ በኩል ስትወጡ ከጌሊኩ አገር ወጥታችሁ ፈረንሳይኛ ወደሚናገሩት አካዲያኖች መንደር ትገባላችሁ። በዚህ አቅጣጫ ስትነዱ መኪናችሁ በተራራው ወገን ነው የሚሄደው፤ ገደል የሚፈራ ካለ ይሻለዋል። ስካይላይን የሚባለው የእግር መንገድ ላይ እስከ ጫፉ ሂዱ፤ የፓርኩ መግቢያ ክፍያ እንዳለው አስቀድማችሁ አጣሩ።

በመመለሻችሁ ማቡና ኢንቨርነስ መሀል ግሌኖራ የሚባል የውስኪ ማምረቻ አለ። «ግሌን» የሚል ስም ስለተጠቀመ የስኮትላንድ ውስኪ አምራቾች ማኅበር ከሶት፣ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው በ2009 ስሙን ይዞ ቀርቷል። የማትጠጡም ብትሆኑ ግቢውን እዩት።

የመመለሻ በረራችሁን ግን እሑድ ጠዋት አትያዙ። ቅዳሜ ማታ ምዕራብ ማቡ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ሃሊፋክስ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ሰኞ አድርጉት።